ወሰን ያጣ ማዕድ

በሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ከዊልሸር ቡልቫርድ ጋር ከሚገናኝበት ትንሽ ወደ ምሥራቅ ራቅ ብሎ፣ ላ ብሬያ የሚባሉ የሬንጅ ጉድጓዶች አሉ። በበረዶ ዘመን መንገድ ስተው የገቡ ማሞቶችና ጎሾች ከሬንጁ ጋር ተጣብቀው ቀርተውባቸዋል። የወጣው አጥንት ሲቆጠር ግን ከትልልቆቹ አጥቢ እንስሳት መካከል በቁጥር የሚበልጡት ሥጋ በል አዳኞቹ ናቸው፤ ተኩላዎችና ሰይፍ ጥርስ ድመቶች። የተያዘውን እንስሳ አይተው ሊበሉ ገቡ፣ በዚያው ቀሩ። ያለ ድካም የተገኘን ሲሳይ የሚጠራጠር አእምሮ አልነበራቸውም፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ሲሳይ ዘራቸውን አጥፍቶ አያውቅምና። ከጉድጓዶቹ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ በዊልሸርና በፌርፋክስ ማዕዘን ላይ፣ ፒተርሰን የተባለው የመኪና ሙዚየም ቆሟል። ከዚያ በፌርፋክስ ወደ ደቡብ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሲወርዱ፣ ከኦሊምፒክ ቡልቫርድ እስከ ዊትዎርዝ ድራይቭ ያለው ሰፈር ይመጣል፤ የከተማው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 ሊትል ኢትዮጵያ ብሎ የሰየመው ነው። አጥንቱ፣ መኪናውና እንጀራው በእግር ግማሽ ሰዓት በማይፈጅ መንገድ ላይ ተሰልፈዋል። ከልክ ያለፈ ውፍረት ከየት እንደመጣ ለሚጠይቅ ሰው ሦስቱም ምስክሮች ናቸው።

በሊትል ኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ዶሮ ወጥ በየቀኑ ይገኛል። አገር ቤት ግን ዶሮ ወጥ ቀን ነበረው። ዶሮዋ አሥራ ሁለት ብልት ወጥቶላት፣ በጨውና በሎሚ ታጥባ፣ ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ሲማሰል አርፍዶ፣ በርበሬው ቁሌት ላይ ውሎ፣ ንጥር ቅቤው መጨረሻ ላይ ገብቶ፣ ለፋሲካ ወይም ለገና ወይም ለክቡር እንግዳ ይቀርባል፤ ከዚያ በኋላ ብልቱ በማዕረግ ይታደላል፣ ለአንድ ሰው አንድ፣ ቢበዛ ሁለት። ፌርፋክስ ላይ ይኸው ምግብ የማክሰኞ ምሳ ሆኗል። ሽንኩርቱም፣ በርበሬውም፣ ኮረሪማውም፣ እንቁላሉም ውቅያኖስ ተሻግረዋል። ከፋሲካው ፊት የነበረው የሃምሳ አምስት ቀን ጾም ግን ለብዙው ሰው አብሮ አልተሻገረም። እኔ የምለው ይህን ነው፦ የሰው አካል ማከማቸትን ጠንቅቆ ሲማር፣ ‹‹በቃኝ›› ማለትን በደንብ ያልተማረው ያስተማረው ስላልነበረ ነው። ወሰኑ ሁልጊዜ ከውጭ ይመጣለት ነበር፤ መጀመሪያ ተፈጥሮ ጣለችበት፣ ቀጥሎ ባህል ደነገገለት። የዘመናችን ውፍረት ምግቡ ተሻግሮ ወሰኑ ወደ ኋላ ሲቀር የሚሆነው ነገር ነው።

ይህን ለማየት ከድንቅነሽ መጀመር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1974 አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘችው ይህች ቀደምት እናት ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረች ናት፤ ቁመቷ አንድ ሜትር ከአሥር ገደማ፣ ክብደቷ ሠላሳ ኪሎ የማይሞላ፣ የአንጎሏ መጠን የእኛን ሲሶ ያህል። (አጥንቷ ራሱ፣ ቅጂው ሳይሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ከሎስ አንጀለስ ደቡብ ሳንታ አና በሚገኘው ባወርስ ሙዚየም ለሕዝብ ታይቶ ወደ አገሩ ተመልሷል።) ከእሷ ወዲህ አንጎላችን ሦስት እጥፍ አደገ። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ዐርፈን ሳለን ከምናቃጥለው ኃይል አንድ አምስተኛውን ይበላል፤ በሕፃንነት ደግሞ ድርሻው ከግማሽ ይበልጣል። እንዲህ ያለ ውድ አካል ተሸክሞ የሚወለድ ፍጥረት ስንቅ ይዞ መምጣት አለበት። ስለዚህ የሰው ልጅ ሕፃን ከቺምፓንዚ ግልገል ጋር ሲነጻጸር እጅግ ወፍራም ሆኖ ይወለዳል፤ ከክብደቱ ከመቶ አሥራ አምስት ያህሉ ስብ ነው። እናቱም በእርግዝናና በጡት ወራት የምታወጣለት ስብ በጭንና በዳሌዋ ያዘች። አራስን ገንፎ በቅቤ የሚመግቡ፣ የሕፃን ጉንጭ ሞልቶ ሲያዩ ‹‹እሰይ›› የሚሉ እናቶች ይህን ያወቁት ከማንም ሳይንቲስት ቀድመው ነው። ስብ ሰው እንድንሆን ካስቻሉን ነገሮች አንዱ ነው፤ ስለ ውፍረት የሚጻፈው ሁሉ ከዚህ ምስጋና ቢጀምር ደስ ይለኛል።

ነገሩ የተዛባው ግን በምልክቱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ ሌፕቲን የተባለውን ሆርሞን አገኙ። ሌፕቲን ከስብ ሕዋሳት ወጥቶ ስንት ስንቅ እንዳለ ለአንጎል ይነግራል። ስቡ ሲጎድል ሌፕቲን ይወርዳል፤ ወዲያው ረሀብ ይበረታል፣ ሰውነት ቁጠባ ይጀምራል፣ የሴት የወር አበባ እስከ መቋረጥ ይደርሳል። ስቡ ሲበዛ ሌፕቲን ይጨምራል፣ ነገር ግን አንጎል ለዚህኛው መልእክት ያን ያህል ደንታ የለውም። ሲጎድል የሚጮኸው ደወል ሲተርፍ ሹክ ማለት ብቻ ነው የሚችለው። ይህ የአሠራር ስሕተት አይደለም። መራብ በሳምንታት ይገድላል፤ ሲተርፍ የሚመጣው ጉዳት ግን ከልጅ መውለጃ ዕድሜ በኋላ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚደርሰው። ደግሞስ ትርፍ መቼ ነበርና?

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፣ ልናልፈው አይገባም። አሜሪካዊው የዘረመል ሊቅ ጄምስ ኒል እ.ኤ.አ. በ1962 ባወጣው ጽሑፍ የስኳር በሽታን ያመጡት ጂኖች ድሮ የሚጠቅሙ ‹‹ቆጣቢ›› ጂኖች ነበሩ አለ፤ በጥጋብ ቀን አከማችተው በረሀብ ቀን ያተርፉ ነበር። ሐሳቡ በቀላሉ የሚገባ ስለሆነ በየመድረኩ ተደገመ። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ጆን ስፒክማን ግን ጥያቄ አነሣ። ረሀብ ያን ያህል መራጭ ከነበረ፣ ሁላችንም ቆጣቢውን ጂን ይዘን ሁላችንም ልንወፍር ይገባን ነበር፤ ታዲያ በምግብ በተጥለቀለቀ አገር እንኳ ቀጭን ሆኖ የሚኖረው ሰው ከየት መጣ? ደግሞም በረሀብ ዘመን የሚበዛው ሟች ሕፃንና ሽማግሌ ነው፣ የሚገድለውም አብዛኛውን ጊዜ ተስቦና ተቅማጥ ነው፤ ወፍራሙ ጎልማሳ ስለተረፈ ብቻ ጂኑ ይስፋፋል ማለት አይቻልም። የእሱ ግምት የላይኛው ወሰን የላላው የጥንት ሰዎች በእሳትና በመሣሪያ ከአውሬ ፍርሃት ከወጡ በኋላ ነው የሚል ነው፤ የወፈረ ሰው ለአንበሳ ቀላል ሲሳይ መሆኑ ሲቀር ወፍራሙን የሚቀንስ ነገር ጠፋ። ተቃውሞው ልክ ነው ብዬ እቀበላለሁ፤ ኒል ሁሉንም በታላቅ ረሀብ ላይ መጫኑም አያዋጣም። ነገር ግን ለእኔ ክርክር ይህ ከጉዳቱ ጥቅሙ ይበልጣል። ስፒክማንም ቢሆን የሚለው ላይኛውን ወሰን የሚጠብቀው ከሰው ውጭ የነበረ ነገር እንደሆነ ነው። አንበሳውም፣ ክረምቱም፣ የጎተራው መጉደልም የውጭ ዘበኞች ናቸው። ከታላላቆቹ ረሀቦች ይልቅ ምናልባት ይበልጥ የመረጠን በየዓመቱ የሚመላለሰው ትንሹ ረሀብ ነው፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ አሮጌው እህል አልቆ አዲሱ ሳይደርስ። ያ ረሀብ ሰውን ባይገድልም ሴቲቱ መፀነሷን ወይም አለመፀነሷን ይወስናል፤ የተፈጥሮ ምርጫ ደግሞ የሚቆጥረው የተወለደውን ነው።

ጂን ወይስ ኑሮ ለሚለው ጥያቄ ከኢትዮጵያውያን የተሻለ ምስክር ማግኘት ይከብዳል። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ደግሞ በሠላሳ ስድስት ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን፣ አሥር ሺሕዎች ቤተ እስራኤላውያን ከጎንደር ገጠር ወደ እስራኤል ተጓዙ። ሲደርሱ በመካከላቸው የስኳር በሽታ እጅግ ብርቅ ነበር። ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ ሐኪሞች በወጣቶቹ ላይ ሳይቀር በሽታውን ማየት ጀመሩ፤ ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶችም ኢትዮጵያውያኑ ከሌላው የአገሩ ሕዝብ ይልቅ በለጋ ዕድሜና በዝቅተኛ ክብደት በስኳር እንደሚያዙ አሳይተዋል። ጂን በአምስት ዓመት አይለወጥም። የተለወጠው እህሉ፣ እግሩ፣ ሰዓቱና ጎረቤቱ ነው። ፌርፋክስ ላይ ለሚበላ ሰው ከዚህ ጥናት አንድ የሚጠቅም ነገር አለ፦ ቀጭን መምሰል ብቻውን ዋስትና አይደለም። ለአውሮፓውያን የተሰላው የክብደት መለኪያ ‹‹ደህና ነህ›› ሲለው፣ ቦርጩ ሥር የተጠራቀመው ትንሽ ስብ ደሙን አስቀድሞ ሊያጣፍጠው ይችላል። ስኳሩን በየጊዜው መለካት ከሚዛን ላይ ከመውጣት የበለጠ ይነግረዋል።

አሁን ወሰኑ አገር ቤት ምን ይመስል እንደነበር በቅርብ እንመልከት። ኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት 180 ቀን ያህል ይጾማል፣ ካህናቱ ከዚያ ይበልጣሉ። ረቡዕና ዓርብ አለ፤ ዐቢይ ጾም፣ የሐዋርያት፣ ፍልሰታ፣ ነቢያት አሉ። ፍልሰታ ነሐሴ ላይ፣ ማለትም ጎተራው በሚጎድልበት ወር፣ የሚውል መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል፤ ባህል ተፈጥሮ ቀድማ የሠራችውን ወሰን ተረክቦ ትርጉም ሰጠው። ጾሙም ሥጋና ቅቤ መተው ብቻ አልነበረም። ሰዓት ነበረው፤ እስከ ስድስት፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም ቅዳሴ እስኪወጣ እህል ውሃ አይቀመስም። በሙስሊሙም ዘንድ ረመዳን ሰዓቱን በፀሐይ ለክቶ ይዟል። ከጾሙ ሌላ ገበታው ራሱ አለ። የቤቱ እመቤት የዕለቱን እንጀራና ወጥ ለክታ ታቀርባለች፣ ሁሉም ከአንድ ትሪ ላይ ከፊቱ ካለው ይቆርሳል፣ የጓደኛውን ፊት መሻማት ነውር ነው፤ በመካከሉ ጉርሻ ይዘዋወራል፣ ጨዋታ ይገባል፣ ታላቁ እጁን ሲሰበስብ ታናሹም ይሰበስባል። ሰው ‹‹ብላ! በሞቴ!›› ተብሎ ይለመናል፣ ስለሚለመንም ራሱ ስስታም መስሎ ላለመታየት ቀድሞ ይከለከላል። እዚህ ገበታ ላይ አንድ ሰው ምን ያህል እንደበላ የሚያውቁት ሌሎቹም ናቸው። አሁን ይህን ከሌላው ጋር አስተያዩት፦ ያው በያይነቱ፣ በክዳን ሣጥን ተጠቅልሎ፣ በታክሲ ወይም በፓርኪንግ ሥራ ላይ ላለ ሰው፣ ሌሊት በስምንት ሰዓት፣ በመኪና ወንበር ላይ፣ ብቻውን። ሽሮው ያው ሽሮ ነው፣ እንጀራውም ምናልባት አይዳሆ ከበቀለ ጤፍ የተጋገረ ደህና እንጀራ ነው። ወሰን የሚያሰምር ግን ማንም የለም።

‹‹የድህነትን ማነቆ ጥበብ ብለህ ልታሞግስ ነውን?›› የሚለኝ ይኖራል፣ ጥያቄውም ቀላል አይደለም። በ1966 ዓ.ም. ወሎ ላይ፣ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ከዚያ በሰፋ አገር ላይ ያለቀውን ሕዝብ ያሰበ ሰው የጎተራን ባዶነት አያሞግስም። የ1977ቱን ረሀብ ከሦስት ዓመት በታች ሆነው ያሳለፉ ሕፃናት ካደጉ በኋላ ሲለኩ፣ በዕድሜ ከሚበልጧቸው ልጆች ቢያንስ አምስት ሴንቲ ሜትር አጥረው ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ከመቶ ሠላሳ ስምንቱ ለዕድሜያቸው ያጠሩ ነበሩ፤ ከሴቶች ከመቶ ሃያ ሁለቱ ከሚገባው በታች ቀጭን፣ ስምንቱ ደግሞ ከሚገባው በላይ ወፍራም ነበሩ። እነዚህ ቁጥሮች በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ውስጥ አብረው ይኖራሉ። በማኅፀንና በጨቅላነት የተራበ አካል ዓለም ጎደሎ ናት ብሎ ራሱን እንደሚያዘጋጅ፣ ኋላ ጥጋብ ሲገጥመው እንደሚቸገር ከሆላንድ የእ.ኤ.አ. 1944ቱ የክረምት ረሀብ ወዲህ በደንብ ታውቋል። ስለዚህ የተራበ ትውልድ ልጆች ስኳርና ዘይት ወደረከሰበት ከተማ ሲገቡ ሁለት ዕዳ ተሸክመው ነው። በረሀብና በጾም መካከል ያለው ልዩነት ለዚህ ነው የሚከብደው። ረሀብ ደካማውን መርጦ ይመታል፤ ጾም ግን ነፍሰ ጡርን፣ ሕፃንንና በሽተኛን ነፃ ያወጣል፣ ባለጠጋውንም ያስራል። ሁለቱም ወሰን ናቸው፣ ሰው የሠራው ግን ሁለተኛው ብቻ ነው፤ ልናወድሰውም የምንችለው እሱን ነው።

በሌላው ወገን ያለው ጥጋብም እንዲሁ የሰው ሥራ ነው። በመኪና መስኮት ምግብ መሸጥን ዓለም በሰፊው የተማረው ከደቡብ ካሊፎርኒያ ነው። የማክዶናልድ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1948 ሳን በርናርዲኖ ላይ ማእድ ቤታቸውን እንደ ፋብሪካ መስመር አደራጁት፤ በዚያው ዓመት ኢን ኤን አውት ባልድዊን ፓርክ ላይ ከመኪና ሳይወርዱ በድምፅ ማጉያ የሚታዘዝበትን መደብር ከፈተ። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከመቶ አሥራ ሦስት የነበረው ከልክ በላይ የወፈረ ጎልማሳ ከመቶ አርባ አልፏል። በዚህ መካከል ጥፋቱን በሙሉ በመኪናው ላይ መጣል ቀላል ነበር፤ ነገር ግን ማስረጃው ይከለክላል። ተመራማሪው ኸርማን ፖንትዘር ታንዛኒያ ውስጥ እያደኑና ሥር እየቆፈሩ የሚኖሩትን የሐድዛ ሰዎች በለካ ጊዜ፣ ቀኑን ሙሉ የሚንቀሳቀሱት ሐድዛዎች በቀን የሚያቃጥሉት ጠቅላላ ኃይል፣ የሰውነት መጠን ሲታሰብ፣ ከተቀማጩ ምዕራባዊ ጋር ተቀራራቢ ሆኖ አገኘው። ሰውነት በአንድ በኩል ሲያወጣ በሌላ በኩል ይቆጥባል። መራመድ ለልብ፣ ለደም ግፊትና ለመንፈስ ብዙ ይጠቅማል፤ ክብደትን ግን ብቻውን አይሸከምም። ዋናው ነገር የሚገባው ነው። ተመራማሪው ኬቨን ሆል እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት ሃያ ሰዎችን በአንድ የምርምር ሆስፒታል አስገብቶ ሁለት ሳምንት በፋብሪካ የተቀነባበረ ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ያልተቀነባበረ ምግብ፣ ያሻቸውን ያህል አበላቸው። የቀረበላቸው ስኳር፣ ስብና ጨው በመጠን የተመሳሰለ ነበር። በፋብሪካው ምግብ ሳምንታት በቀን አምስት መቶ ካሎሪ ያህል ጨምረው በሉ፣ አንድ ኪሎ ገደማም ወፈሩ። ሰዎቹ ያው ሰዎች ናቸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ፈቃዳቸው ላላ፣ በቀጣዩ ሁለት ሳምንት በረታ የሚል ካለ ያስረዳን።

ከዚህ ወደ ከባዱ ተቃውሞ እንደርሳለን፦ አባቶች ሆዳምነትን ኃጢአት ብለውታል፣ አንተ ዝግመተ ለውጥ እያልክ ሰውን ከኃላፊነት ልታወጣው ነው። እኔ ኃላፊነትን አልክድም። ግን አባቶች ራሳቸው ምን አደረጉ? ሰውን ‹‹በልክ ብላ›› ብለው ለብቻው አልለቀቁትም። ቀን ቆጠሩለት፣ ሰዓት ደነገጉለት፣ ከጎረቤቱ ጋር አብሮ እንዲጾም አደረጉት፣ መፍቻውንም በዓል አደረጉለት። የሰውን ፈቃድ ደካማነት ከማንም በላይ ስለሚያውቁ ፈቃዱን ብቻ አላመኑም። ዛሬ ወፍራሙን ሰው በስንፍና የሚወቅሰው ከእነሱ ትምህርት ግማሹን ጥሎ ነው የሚወቅሰው። ወቀሳውም አይሠራም፤ የሚያፍር ሰው ሐኪም ቤት አይሄድም፣ ተደብቆ ይበላል። ስንገናኝ ‹‹ወፈርሽ!›› መባባላችን አንድ ጊዜ ምርቃት ነበር፣ አሁን በአሜሪካ ለተወለደችው ልጅ ስድብ ነው፤ ሁለቱም ቢቀሩ ደግ ነው።

ታዲያ ወሰኑን መንግሥት ይመልሰው? ሎስ አንጀለስ ሞክራለች። እ.ኤ.አ. በ2008 ምክር ቤቱ በደቡባዊው የከተማዋ ክፍል ለብቻቸው የሚቆሙ አዳዲስ የፈጣን ምግብ መደብሮችን ከለከለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ራንድ የተባለው የምርምር ድርጅት ውጤቱን ሲመረምር፣ በሠፈሩ ውፍረት ከመቀነስ ይልቅ ከሌላው የከተማዋ ክፍል በፈጠነ ሁኔታ ጨምሮ አገኘው። የነበሩት መደብሮች አልተዘጉም፤ በገበያ አዳራሽ ውስጥ የሚከፈቱት አልተነኩም፤ የማዕዘኑ ሱቅ ለስላሳና ቺፕስ መሸጡን ቀጠለ። ይህ የሚያሳየው የውጭ ወሰን ከንቱ መሆኑን ነው የሚሉ አሉ። እኔ የማየው ሌላ ነው፤ ወሰኑ ከሕዝቡ ሕይወት ውስጥ አልበቀለም፣ ማንም በጋራ አልያዘውም፣ በምትኩም ምንም ማዕድ አልቀረበም። ረቡዕ ጾም የሚሆነው ሕግ ስለወጣ አይደለም፤ ረቡዕ የሚጠብቀው ሽሮ ስላለ፣ የሚጠብቁትም ሰዎች ስላሉ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ደግሞ አዲስ ወሰን በመርፌ መጥቷል። ሴማግሉታይድ የተባለው መድኃኒት የአንጀትን የጥጋብ ሆርሞን አስመስሎ ለአንጎል ‹‹በቃ›› ይለዋል፤ የወሰዱት ሰዎች በአማካይ ከክብደታቸው ከመቶ አሥራ አምስት ያህል ቀንሰዋል፣ ሲያቆሙት አብዛኛው ተመልሷል። መድኃኒቱን የሚንቁ አሉ፣ እኔ አልንቅም፤ በስኳርና በመገጣጠሚያ ሕመም ለሚሠቃይ ሰው ምሕረት ነው። ከዚያም በላይ የዚህን ጽሑፍ ሐሳብ ይደግፋል፤ ጎደሎው ባሕርይ ሳይሆን ምልክት እንደነበረ በመርፌ ተረጋገጠ። ግን ዋጋው ውድ ነው፣ ዕድሜ ልክ ይፈለጋል፣ የሚሠራውም በአንድ ሰው አካል ውስጥ ለብቻው ነው። የፌርፋክስ ሰፈር በነፃ የያዘው ነገር አለ፤ ቅጠሉ፣ ምስሩ፣ ሽሮው፣ ከአንድ ትሪ መብላቱና የጾሙ አቆጣጠር። በጾም ቀን የሚቀርበው በያይነቱ ከሥጋና ከወተት ንጹሕ ቢሆንም በዘይት ከተጥለቀለቀ፣ ሳምቡሳውና ለስላሳው ከጎኑ ከተቀመጡ፣ ጠዋት በሁለት ሰዓት ከተበላ፣ ከጾሙ ስሙ ብቻ ቀርቷል። ዘይቱን የሚቀንስ ምግብ አብሳይ፣ ዶሮ ወጡን ለቅዳሜና ለእሑድ የሚያቆይ ባለ ምግብ ቤት፣ ጾም መፍቻውን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብቻቸውን ለሚሠሩ ሾፌሮች አንድ ትሪ ዘርግቶ የሚጠብቅ የሰንበቴ ማኅበር፣ እነዚህ ሁሉ ዛሬ ባለው ወጥ ቤትና ባለው ሕዝብ ሊጀመሩ የሚችሉ ናቸው። የሎስ አንጀለስ ልጆቻችን ነሐሴ ላይ ጎተራ ሲጎድል አላዩም፣ እንዲያዩም አንመኝም። ወሰኑን ካገኙት የሚያገኙት ወላጆቻቸው ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ ምን እንደሚያደርጉ አይተው ነው።